የጂኦግራፊ ክበብ ዘገባ፦ ዓመቱን ከቢያዎቪዬዣ ጋር

ዘንድሮ ክበባችን የብዙ አገር ስም ከመሸምደድ አንዲት ቦታ በደንብ ማወቅን መረጠ። ቦታዋ ቢያዎቪዬዣ ናት፤ በምሥራቅ ፖላንድ፣ ከቤላሩስ ድንበር ጥግ ያለች የገጠር ወረዳ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥራው በካርታ ተጀመረ። ናሬፍካ ወንዝን፣ ቴሬሚስኪንና ሌሎቹን መንደሮች በካርቶን ላይ ሳልን። አረንጓዴው ቀለም ቶሎ አለቀብን፤ የወረዳዋ አብዛኛው መሬት ደን ነውና። ደኑ በ1979፣ የኛ ስሜን ተራሮች በተመዘገበ በዓመቱ፣ የዓለም ቅርስ ሆኗል።

ልጆቹን የማረካቸው ግን ባይሰን ነው። ጎሽ መሳይ፣ ወንዱ እስከ 800 ኪሎ የሚደርስ የዱር እንስሳ ነው። ነገሥታት ለራሳቸው አደን ብለው ለዘመናት አስጠበቁት። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ወታደሩም የተራበውም ፈጀው። በ1919 በደኑ የቀረው የመጨረሻው ተገደለ። ከ10 ዓመት በኋላ በየአገሩ መካነ አራዊት ከተረፉት ጥቂቶቹ ወደ ቢያዎቪዬዣ መጡ። በአጥር ውስጥ ተዋልደው በዙ፤ በ1952 ወደ ደኑ መለቀቅ ጀመሩ። ዛሬ እዚያ የሚሰማሩት ሁሉ የ7 እንስሳት ዘሮች ናቸው። ይህን ስንሰማ አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ "እንዲህ ዘመዳሞች ከሆኑ አንድ በሽታ ቢገባ አይጨርሳቸውም?" አለች። ጥያቄው ትክክለኛ ስጋት ስለሆነ የባዮሎጂ መምህራችንን ጋብዘን ሙሉ ክፍለ ጊዜ ሰጠነው።

ክርክር የተነሳው በወደቀ ዛፍ ነው። በብሔራዊ ፓርኩ ጥብቅ ክልል የወደቀ ግንድ አይነሳም፤ ጎብኚም ያለ አስጎብኚ አይገባም። "ስንት ማገዶ እያለ ዝም ብሎ ይበስብስ?" ያሉ ነበሩ። የአንድ ግንድ ፎቶ በፕሮጀክተር አጉልተን አየን። እንጉዳይ ወርሶታል፣ ቅርፊቱን ጥንዚዛ በስቶታል፣ ግንደ ቆርቁር ጥንዚዛውን ፍለጋ ቆፍሮታል። በ2017 ከፓርኩ ውጭ ባለው ደን በጥንዚዛ ምክንያት በሰፊው ዛፍ ሲቆረጥ ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ2018 ቆረጣው ሕግ የጣሰ ነው ብሎ ወሰነ። እኔም ግንዱ ባለበት ይቆይ ከሚሉት ጋር ነኝ።

በመንደሯ በ1895 የተቀደሰ የቅዱስ ኒኮላስ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከመቅደሱ ፊት ያለው የሥዕላት ግድግዳ ከፖርሰሊን የተሠራ ነው። የሩሲያ ዛር ቤተ መንግሥት ግን በ1944 ተቃጥሎ ዛሬ በሩና መናፈሻው ብቻ ቀርተዋል።

በሚቀጥለው ዓመት የወደቀውን ዛፍ ጥያቄ ይዘን በአካባቢያችን ወዳሉት የቤተ ክርስቲያን ደኖች እንሄዳለን። መቀላቀል የምትፈልጉ መስከረም ላይ አነጋግሩኝ።