ለዚያች ጥያቄሽ መልስ ይዤ መጣሁ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጠፋች ብለሽ ተቀይመሽኝ ይሆናል፤ ብትቀየሚም አልፈርድብሽም። ሦስት ዓመት ሙሉ "ነገ እጽፍላታለሁ" ስል ከረምኩ። የመጨረሻው መልእክትሽ አሁንም ስልኬ ላይ አለ፦ "ቤተ መጻሕፍት ፌስቡክ ምን ያደርግለታል?" ያኔ የምመልሰው አጣሁ። አሁን ትንሽ የምልሽ አለኝ።

"ሃያ ሦስቱ ነገሮች" የሚባለውን ታስታውሻለሽ? ሄለን ብላወርስ በ2006 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሻርሎት ከተማ፣ ለቤተ መጻሕፍት ባልደረቦቿ ያዘጋጀችው ሥልጠና ነው። ብሎግ ክፈቱ፣ ፎቶ ጫኑ፣ ዊኪ (ማንም ገብቶ የሚያርመው ድረ ገጽ) ላይ ጻፉ እያለ 23 ትንንሽ ሥራ ይሰጣል። ሁሉም በራሱ ሰዓት እየነካካ ይማራል፤ ያኔ የጨረሰ ኤምፒ3 ማጫወቻ ይሸለም ነበር (እኔን የሸለመኝ የለም)። ዘግይቼ ስጀምረው ግማሾቹ መሣሪያዎች ሞተው ጠበቁኝ። የብሎጎችን አዲስ ጽሑፍ ባንድ ቦታ የምናነብበት ጎግል ሪደር በ2013 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል፣ የድረ ገጽ አድራሻ የምናስቀምጥበት ዲሊሸስም የለም። ተናድጄ ልተወው ነበር። ግን እጄ ለካ መነካካት ለምዷል፤ ቴሌግራም ሲመጣ እንደ ድሮው አልደነገጥኩም።

ለቤተ መጻሕፍታችን የቴሌግራም ቻናል ከፈትኩልሽ። አዲስ የገቡ መጻሕፍትን ዝርዝር ስለጥፍ ዞር ብሎ የሚያየኝ ጠፋ። አንድ ቀን ግን አንድ አንባቢ መጣና "ሽፋኑ ሰማያዊ ነው፣ ውስጡ የጀልባ ሥዕል አለው፣ ርዕሱን ረስቼዋለሁ" አለኝ። ካታሎጉን ብፈልግ ብፈልግ ወፍ የለም። ፈቃዱን ጠይቄ ጥያቄውን ቻናሉ ላይ ለጠፍኩት። ሰዓት ሳይሞላ መልስ በመልስ ሆነ፣ ሰው እርስ በርሱ መከራከር ጀመረ፣ በመጨረሻ አንዷ ጥጉ የተቀደደ መጽሐፍ አንስታ ላከችልን። እሱው ነው! ሽፋኑ አረንጓዴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩን ትቼ ጥያቄ ነው የምለጥፈው።

ጥፋቴንም ልንገርሽ። የተመለሱ መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ ተቆልለው አይቼ አምሮኝ ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩ። ከአንዱ መጽሐፍ ውስጥ የውሰት ወረቀቱ ብቅ ብሏል፤ የተዋሰው ሰው ስም ቁልጭ ብሎ ይነበባል። መጽሐፉ ደግሞ ስለ በሽታ ነው። የስሙ ባለቤት ደወለልኝ። አልጮኸም፣ ቀስ ብሎ ነው "አንሺልኝ" ያለኝ፤ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ወዲያው አጠፋሁት፣ ግን ያየው አይቶታል። ኢፍላ (ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን) በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ላይ የአንባቢን ምስጢር ስለመጠበቅ የተጻፈውን ደግሜ ደጋግሜ አንብቤው ነበር እኮ። ማንበብ ሌላ፣ ስልክ ይዞ መቆም ሌላ።

አለቃዬ እስካሁን "ስንት ተከታይ አለን?" ነው የሚለኝ። ስንት ጥያቄ መለስን ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፣ እሱን ተዪው።

ከሁሉ የወደድኩት የዊኪፔዲያውን ነው። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ጥር ላይ የቤተ መጻሕፍት ሰዎች ዊኪፔዲያ ላይ ምንጭ የሌለው ዓረፍተ ነገር እየፈለጉ አንድ አንድ ማጣቀሻ ይጨምራሉ። ድሮም ሥራችን ይኸው አይደል? አንድ ልበል ብዬ ተቀምጬ አሥራ አራት ጨምሬ ተነሣሁ፤ ሻዬ በረዶ ሆነ።

አንቺስ በምን ላይ ነሽ? ስልክ ላይ ነሽ ወይስ አሁንም የመጻሕፍት ካርድ የሚደረደርበትን መሳቢያሽን ታቅፈሻል? ጻፊልኝ። ፎቶም ላኪልኝ፣ ብቻ መጀመሪያ ጠረጴዛሽን አጽጂ።

ያንቺው