የሞርስ መለማመጃ፦ ከቅዳሜ በፊት ሠርታችሁ ለምትመጡ

ውድ አባላት፣

ሞርስ ፊደሎችን በአጭርና በረጅም ድምፅ የመላክ ዘዴ ነው። የመለማመጃውን ድምፅ የሚያወጣው 555 አይሲ (ባለ ስምንት እግር ትንሽ ቺፕ) ነው። እግር 4ንና 8ን ከ9 ቮልት ባትሪው ፖዘቲቭ፣ እግር 1ን ከኔጌቲቭ አገናኙ። በ8 እና በ7 መካከል 1 ኪሎ ኦም፣ በ7 እና በ6 መካከል 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይግባ። 2 እና 6 ተያይዘው 104 በተጻፈበት ካፓሲተር ወደ ኔጌቲቭ ይውረዱ። ድምፁ 685 ኸርዝ ገደማ ይሆናል። የካፓሲተሩን ጽሑፍ አጉልታችሁ እዩት፤ በስሕተት 103 ከገባ አሥር እጥፍ ቀጥኖ ጆሮ ይወጋል። ከእግር 3 በ100 ኦም ሬዚስተርና በ10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ወደ ስፒከሩ፣ ከዚያም ወደ ኔጌቲቭ።

ቁልፉን፣ ማለትም ሲጫኑት ድምፅ የሚያሰማውን ማብሪያ፣ በፖዘቲቩ ሽቦ ላይ አስገቡት። የብረት መጋዝ ስባሪ በጣውላ ላይ በብሎን ማሰር ይበቃል፤ ክፍተቱ 1 ሚሊ ሜትር ይሁን። የመጋዙን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ካልፋቃችሁት ድምፁ ይቆራረጣል፤ ብዙ ሰው አይሲው ተበላሸ ብሎ የሚጥለው በዚህ ነው።

ረጅሙ ድምፅ (ሰረዙ) የአጭሩን (የነጥቡን) ሦስት እጥፍ ይቆያል። እባካችሁ ነጥብ አትቁጠሩ፣ ፊደሉን በዜማው ያዙት።