«የአፈር ሳይንስ ተምሬ ምን እሠራለሁ?» ላልከኝ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እማዬስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ናፍቆታችሁ ግን አልለቀቀኝም።

አባዬ «ከእርሻ ውጪ የት ያስገባዋል?» ማለቱ አልገረመኝም። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው። እኔ ግን በሙያው ውስጥ ሆኜ የማየው ሌላ ነው።

እርሻውማ አለ። ናሙና መርምሮ ማዳበሪያው ምን ያህል ይሁን፣ አፈሩ አሲዳማ ከሆነ ስንት ኖራ ይጨመርበት ብሎ የሚመክር ባለሙያ ሁሌም ይፈለጋል። ነገር ግን ነዳጅ የፈሰሰበትን መሬት የሚያጸዱም፣ ማዕድን ወጥቶ ያለቀበትን ቦታ መልሰው የሚያለሙም የአፈር ሰው ይቀጥራሉ። አሁን ደግሞ ካርቦን ሌላ በር ከፍቷል። አፈር የያዘው ካርቦን፣ አየር ላይ ያለውና ዕፅዋት የያዙት ተደምሮ እንኳ አይደርስበትም። ይህን በትክክል የሚለካ ሰው ያስፈልጋል።

እኔ የምሠራው የቤት ፍሳሽ የት ቢሰርግ የከርሰ ምድር ውሃን እንደማይበክል መለየት ነው። በቅርቡ ያየነው ቦታ ላይ ላዩን ደረቅ ነበር። በእጅ መሰርሰሪያ ወደ ታች ስንወርድ ግን አፈሩ ግራጫ ሆነ፤ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብም ጣል ጣል ብሎበታል። ውሃ ለረጅም ጊዜ ሲተኛበት አየር ያጥረዋል፤ ብረቱ ይሟሟና ቀለሙ ይለቃል። ማለትም በዝናብ ወራት ውሃው እስከዚያ ድረስ ይወጣል። ቀለሙን ከመንሴል የቀለም ደብተር ጋር (የአፈር ቀለም የሚለይበት የናሙና ደብተር ነው) አመሳክረን መዘገብን፤ የፍሳሹም ቦታ ተቀየረ። ያ ቤተሰብ ከስንት ጣጣ ዳነ!

ታዲያ ከገባህበት ኬሚስትሪውን አትሽሸው። ስታቲስቲክስና ጂአይኤስም (በኮምፒውተር ካርታ መሥሪያና የቦታ መረጃ መተንተኛ) ጨምርበት፤ የአፈር ካርታ ዛሬ በሳተላይት መረጃ ጭምር ነው የሚሠራው። ግን ኮምፒውተር ላይ ብቻ እንዳትቀር። አፈሩን አርጥበህ፣ በጣቶችህ አሽተህ፣ ሸክላው ይበዛል ወይስ አሸዋው ብለህ መለየት ልመድ። ሁለቱንም የያዘ ሰው ብዙም አይቸገርም ባይ ነኝ።

አልደብቅህም፣ የመስክ ሥራው ያደክማል፤ ጭቃ አለ፣ ፀሐይ አለ። የጀማሪ ደመወዙም ያን ያህል አይደለም። በአንዳንድ አገር ደግሞ ፈርመህ ውሳኔ ለመስጠት የሙያ ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው።

የኮርሶቹን ዝርዝር ፎቶ አንስተህ ላክልኝና አብረን እንየው። ይህን ደብዳቤ ለአባዬም አንብብለት።

እማዬን ሳምልኝ።

የምትወድህ እህትህ