አዲሱ የግድግዳ ካርታችን አንታርክቲካን ለምን በአንድ ቀለም አሳየ?

ውድ ደንበኞቻችን፣

አዲሱን የዓለም ካርታ የወሰዳችሁ ትምህርት ቤቶችና የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች፣ «የቀድሞው ካርታ አንታርክቲካን በቀለም ለየአገሩ ያከፋፍል ነበር፤ አሁን ክፍፍሉ የት ሄደ?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ሆን ብለን ነው ያስቀረነው። ምክንያቱን ማወቅ ይገባችኋል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሌላው ዓለም ብዙውን ጊዜ ሰው ይሰፍራል፣ ድንበር ይካለላል፣ ካርታው ከዚያ በኋላ ይነሣል። ነዋሪ በሌለበት በአንታርክቲካ ግን ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። መንግሥታት አብዛኛውን ክፍል ማንም ያልረገጠውን በረዶ በኬንትሮስ መስመር እንደ ድፎ ዳቦ እየቆረሱ፣ ቁራሹን እስከ ዋልታው ድረስ የእኛ ነው አሉ።

ብሪታንያ በ1908 ባወጣችው ሰነድ፣ ከ50 ዲግሪ ደቡብ ኬክሮስ በታች፣ በ20 እና በ80 ዲግሪ ምዕራብ ኬንትሮስ መካከል ያሉትን ግዛቶች በደቡብ አትላንቲክ በምትገዛቸው በፎክላንድ ደሴቶች አስተዳደር ሥር አደረገች። እስቲ እነዚህን መስመሮች ግድግዳችሁ ላይ ባለው ካርታ በጣታችሁ ተከተሏቸው። የአርጀንቲናና የቺሌ ደቡባዊ ጫፍ ውስጥ ይገባል! በ1917 ሰነዱ ታረመና፣ ከ50 ዲግሪ ምዕራብ ኬንትሮስ በስተምዕራብ ያለው ክፍል ከ58 ዲግሪ ደቡብ ኬክሮስ እንዲጀምር ተደረገ።

ቺሌ ደግሞ በ1940 ከ53 እስከ 90 ዲግሪ ምዕራብ ያለውን የኔ ነው አለች። አርጀንቲና ከ25 እስከ 74 ዲግሪ ያለውን ትጠይቃለች። ሦስቱም ቁራሾች የአንታርክቲካ ልሳነ ምድር ላይ ይደራረባሉ። ፉክክሩ ፖስታ ቤት ድረስ ዘለቀ፤ በ1946 በብሪታንያ በኩል፣ በ1947 ደግሞ በአርጀንቲናና በቺሌ፣ የየራሳቸውን ይዞታ የሚያሳይ ካርታ ያለበት ቴምብር ታተመ።

በሌላኛው ወገን የኖርዌይ ዓሣ ነባሪ አዳኞች የባሕር ዳርቻውን ከአውሮፕላን ፎቶ ሲያነሡ ቆይተዋል። ጀርመን በ1938 መጨረሻ መርከብ መላኳ ሲሰማ፣ ኖርዌይ ከ20 ዲግሪ ምዕራብ እስከ 45 ዲግሪ ምሥራቅ ያለው የኔ ነው ስትል ጃንዋሪ 14 ቀን 1939 አወጀች። መርከቧ የደረሰችው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነበር። ጀርመኖቹም ያለማመንታት በሺህ የሚቆጠር የአየር ፎቶ አነሡ፣ የናዚ ምልክት ያለባቸውን የብረት ዘንጎች ከአውሮፕላን ወረወሩ፣ ለተራራዎቹም ስም አውጥተው ካርታ ሠሩ።

በ1959 ዋሽንግተን ላይ የተፈረመው የአንታርክቲካ ስምምነት የሰባቱን አገሮች (የብሪታንያ፣ የቺሌ፣ የአርጀንቲና፣ የኖርዌይ፣ የአውስትራሊያ፣ የኒውዚላንድና የፈረንሳይ) የይገባኛል ጥያቄ አላጸደቀም፣ አልሰረዘምም፤ ባለበት አቆመው። ስምምነቱ ጸንቶ እስካለ ድረስ አዲስ ጥያቄ ማንሣት አይቻልም። የካርታው ሥራ ግን አልቆመም። አርጀንቲና በ2010 ባወጣችው ሕግ፣ በትምህርት ቤቶቿ የሚሰቀለው ካርታ የአንታርክቲካ ይዞታዬ የምትለውን ክፍል ከዋናው አገር ጋር በተመሳሳይ የካርታ መለኪያ (ስኬል) እንዲያሳይ አስገድዳለች። ወደ ሰሜን ዋልታ ስንሄድ፣ ሩሲያ በ2007 ባንዲራዋን ባሕር ወለል ላይ ብትተክልም፣ ዛሬ ወለሉ የማን ነው የሚለው ክርክር የሚካሄደው የባሕሩን ወለል ቅርጽ በሚያሳዩ የጥልቀት ካርታዎች ነው።

ውሳኔያችን ከዚህ የመጣ ነው። ተማሪ በካርታ ላይ ቀለም ሲያይ «ይህ የእገሌ አገር ነው» ብሎ ይይዛል፤ ስለ አንታርክቲካ እንዲህ ብለን ልናስተምረው አንችልም። ስለዚህ አህጉሩን በአንድ ቀለም አትመን፣ በቀኝ በኩል ከታች ትንሽ ካርታ ጨምረናል። በእሷ ላይ የሰባቱም ጥያቄዎች በነጠብጣብ መስመር፣ መደራረባቸውም ጭምር ይታያል። ማንም ያልጠየቀው በ90 እና በ150 ዲግሪ ምዕራብ መካከል ያለው ሰፊ መሬት ባዶ ሆኖ ቀርቷል።

የቀድሞውን ካርታ የገዛችሁ አትጣሉት፤ ለጂኦግራፊ መምህራን ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሆናል። ትንሿን ካርታ ለብቻዋ አትመናታል፤ ወደ ሱቃችን ጎራ ስትሉ በነጻ ትወስዳላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የካርታ ዝግጅት ክፍል