ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ በታሪክ ትምህርት ስለሚታዩ የህዳሴ ዘመን ሥዕሎችና ቅርጻ ቅርጾች

ተማሪዎቻችን ስለ አውሮፓ የህዳሴ ዘመን በመማር ላይ ሲሆኑ፣ ልጆቻቸው የራቁት ሰው ሥዕል በክፍል ውስጥ መመልከታቸውን የሰሙ አንዳንድ ወላጆች ቅሬታቸውን አቅርበውልናል። ጥያቄው ተገቢ በመሆኑ ሥዕሎቹ የተመረጡበትን ምክንያት እንገልጻለን።

በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በተለይም በኢጣሊያዋ ፍሎረንስ፣ የጥንት ግሪኮችንና ሮማውያንን መጻሕፍት እንደገና የመረመሩ ምሁራን ስለ ሰው ልጅ ክብርና ችሎታ በስፋት ይጽፉ ነበር። ወጣቱ ፈላስፋ ፒኮ ዴላ ሚራንዶላ እ.ኤ.አ. በ1486 ባዘጋጀው ንግግር፣ እግዚአብሔር አዳምን የተወሰነ ስፍራ ሳይሰጠው በዓለም መካከል እንዳኖረውና ወደ እንስሳነት መውረዱንም ሆነ ወደ መለኮታዊው ከፍ ማለቱን ለገዛ ምርጫው እንደተወለት ጽፏል። ይህ ነጻ ፈቃድን የሚያጎላ እንጂ እምነትን የሚክድ ሐሳብ አልነበረም።

ሠዓሊዎቹ ከፒኮ አስቀድመው ጉዞውን ጀምረዋል። ማሳቾ በ1420ዎቹ በፍሎረንስ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አዳምና ሔዋን ከገነት ሲባረሩ ሥሏል። አዳም በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኗል፤ ሔዋን አፏን ከፍታ ታለቅሳለች፤ ብርሃኑ ከአንድ ወገን ስለሚያርፍባቸው ጥላቸው መሬት ላይ ይታያል። ኀዘናቸው የማንኛውም ሰው ኀዘን ሆኖ የሚሰማን ገላቸው ክብደት ያለው እውነተኛ ገላ ስለሆነ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ እርቃናቸውን ለመሸፈን ቅጠል ተጨምሮባቸው ነበርና የእናንተ ጥያቄ ብዙ ዘመን ያስቆጠረ ነው፤ ቅጠሉ የተነሣው በ1980ዎቹ በተደረገው እድሳት ነው።

ማይክል አንጄሎ ደግሞ ከ1501 እስከ 1504 ባለው ጊዜ ከአንድ እብነ በረድ ከ5 ሜትር በላይ ቁመት ያለውን የዳዊትን ሐውልት ቀረጸ። ከእርሱ በፊት የነበሩት ታዋቂ የፍሎረንስ ቀራጮች ዳዊትን የጎልያድ ራስ ከእግሩ ሥር ወድቆ ሲያሳዩ፣ በዚህኛው ግን ድሉ ገና አልመጣም፤ ወንጭፉን በግራ ትከሻው ጥሎ፣ ግንባሩን ቋጥሮ አሻግሮ ያያል። በእኔ አስተያየት ከፒኮ ሐሳብ ጋር የሚገጥመው ይህ ከውሳኔ በፊት ያለው ቅጽበት ነው፤ መምህሩም ተማሪዎቹን የሚያወያየው በዚሁ ነጥብ ላይ ነው።

ሥዕሎቹን አስቀድሞ ማየት የሚፈልግ ወላጅ በሥራ ሰዓት ወደ ቤተ መጻሕፍታችን መጥቶ ከታሪክ መምህሩ ጋር መነጋገር ይችላል። ልጁ ሥዕሎቹን እንዳያይ የሚፈልግ ወላጅም በጽሑፍ ቢያሳውቀን፣ ተማሪው የፒኮን ንግግር መሠረት ያደረገ የንባብ ሥራ እንዲሰጠው እናደርጋለን።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር