ለአባባ፣ ስለ ቁጣዎ

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ላገኘችው ሁሉ እያሳየች ነው። ትልቁ ሒሳብ ላይ ጎብዟል። እርስዎ ባሳዩት መንገድ ነው አሁንም የሚያካፍለው። ደግሞ ቁመቱ! ሱሪ አልበቃው ብሏል።

ባንክ ቤት የሆነውን ሰምቻለሁ። እህቴ ናት የነገረችኝ፣ እንዳይቆጧት። መስኮት ላይ የነበረችውን ልጅ እስክታለቅስ ጮኸውባታል አሉ። ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያይ።

አባባ፣ ይኼ የእርስዎ ጠባይ አይደለም። ሰው ፊት ድምፅ ማሰማት ነውር ነው ብለው ያሳደጉን እርስዎ ነዎት። ትምህርት ቤት የሽልማት ቀን ስሜ ሳይጠራ ሲቀር ማልቀሴን ያስታውሳሉ? «ሰው ፊት አታዋርደኝ» ብለው እጄን ጨምድደው ይዘውኝ ወጡ። ቤት ገብተንም አላባበሉኝም። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እማዬ ስታርፍ እንኳ ያለቀስኩት ተደብቄ ነው። አሁን እርስዎ ሲጮኹ ሰው «እርጅና ነው» ብሎ ያልፋል። ያኔ እኔን «ልጅ ነው» ያለኝ አልነበረም። እስከ ዛሬ ቅር ይለኛል።

ግን እርጅና ነው ብዬ ማለፍ አልችልም። ዕድሜ ብቻውን ሰውን እንዲህ አይቀይርም። ጆሮ ሲደክም ሰው የሚያማን፣ የሚንቀን ይመስለናል። በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እንኳ ድንገት ጠባይ ሊለውጥ ይችላል። የታይሮይድ መዛባት፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ አንዳንድ የእንቅልፍ መድኃኒትም እንደዚያው። እነዚህ ሕክምና አላቸው።

ሌላም አለ። የአንጎላችን የፊት ክፍል ነው ቁጣችንንና አፋችንን የሚገታው። እሱን የሚያጠቃ ሕመም አለ። ብዙ ጊዜ በመርሳት ሳይሆን በጠባይ ለውጥ ነው የሚጀምረው። ስሙን እዚህ መጻፍ አቃተኝ። ነው ማለቴ አይደለም፣ አባባ። መፍራቴን ግን ይወቁልኝ።

ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ እኔም እመጣለሁ። የሚወስዷቸውን ኪኒኖች በሙሉ ከነካርቶናቸው ይያዙ። ያ ሳል ሲይዝዎ የሚጠጡት ሽሮፕም እንዳይቀር። ጆሮዎንም እንዲያዩልን እንጠይቃለን። እስከዚያ ባንክ መሄድ ካለብዎ ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ ከእህቴ ጋር ይሂዱ።

ይህን አንብበው እንደሚቆጡ አውቃለሁ። ይቆጡኝ፣ ግድ የለም። ቀጠሮውን ግን እንዳይሰርዙብኝ። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው።

ልጅዎ