ከጎርጎራ ባሕር ዳር በመርከብ ላልሽኝ

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላው ሰላም ነው።

ከአሜሪካ ለፋሲካ ስትመጪ «ከጎርጎራ ባሕር ዳር በጣና ላይ በመርከብ እንሂድ፣ እንደ ሲያትሉ» ያልሽውን አነበብኩ። ወይ አንቺ ልጅ! መርከቡ ጥሩ ሐሳብ ነው። «እንደ ሲያትሉ» የሚለው ነው ያሳቀኝ።

ከሲያትል ማዶ ወዳለው ቤይንብሪጅ ደሴት የወሰድሽኝን ቀን አልረሳሁትም። መኪናሽን እየነዳሽ መርከብ ሆድ ውስጥ ስትገቢ ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር። ከትልልቆቹ አንዱ 202 መኪና ይይዛል ስትዪኝ ያጋነንሽ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እውነትሽን ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን መርከቡ ፊትና ኋላ የሌለው መሆኑ ነው። መኪናው በአንዱ ጫፍ ይገባል፣ በሌላው ጫፍ ይወጣል። ሲመለስ መርከቡ አይዞርም። የሚነዳው ከሌላኛው ጫፍ ይሆናል። በእግሩ የሚሳፈር ሰው ደግሞ ከሲያትል ሲሄድ ይከፍላል እንጂ ሲመለስ የሚጠይቀው የለም። ደሴት የገባ ሰው መመለሱ መች ይቀራል ብለው ይሆናል።

መርከቡ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ያለውን፣ እየገጣጠሙ የሚጫወቱበትን የተቆራረጠ ሥዕልስ ታስታውሻለሽ? አንዱ ተሳፋሪ ትንሽ ገጣጥሞ ይወርዳል፣ ቀጣዩ ካቆመበት ይቀጥላል። እኔም የሰማዩን አንድ ቁራጭ አግኝቼ ቦታው ላይ አስገብቻለሁ። በ35 ደቂቃ ውስጥ ከዚያ በላይ አልሆነልኝም።

ያኔ የነገርሽኝ አንድ ነገር ግን እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። መርከቦቹን መንግሥት በ1951 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከግል ኩባንያ ተረክቦ፣ ዛሬ የሚያስተዳድራቸው የክልሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው ብለሽኝ ነበር። የውሃው መስመር እንደ አውራ ጎዳና ይቆጠራል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው እንጂ በብረቱ ትልቅነት አይደለም። እዚያ መርከብ መንገድ ነው። እኛ ጋ ግን መርከብ ወይ ሽርሽር ነው፣ ወይ ዕድል።

ጣና ዳር ደልጊ ሳስተምር መርከቢቱ በሳምንት አንዴ ነበር የምትመጣው። እሑድ ጠዋት ከባሕር ዳር ትነሳለች። ዘጌንና ደቅ ደሴትን ነካክታ ቁንዝላ ታድራለች። በማግስቱ በደልጊ በኩል ጎርጎራ ትገባለች። ሰዓቷን የሚያውቅ ግን አልነበረም። ሰው ከነዕቃው ዳር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ አንድ ልጅ ዛፍ ላይ ይወጣና ውሃውን ያያል። «መጣች!» ሲል ሁሉም ጆንያውን ያነሳል። በጎች በሳንቃው ላይ አንረግጥም ብለው ስለሚያስቸግሩ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበልን ነበር የምናስገባቸው። ከታች ጤፍ፣ ጌሾና የዘጌ ቡና፣ ከላይ ሰው። ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ፤ መጥፎም አልነበር።

ነፋሱን ደግሞ አትናቂው። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ማዕበሉ አጭርና ቁጡ ይሆናል። ጀልበኞቹ በጠዋት መነሳት የሚወዱት ለዚህ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ጠባዩ ይቀየራል። አሁን ደግሞ እምቦጭ የሚባለው አረም ተጨምሮበታል። ውሃ ውስጥ የሚሽከረከረው የሞተሩ ፕሮፔለር ላይ ሲጠመጠም ጀልባው ውሃ መሃል ቀጥ ይላል።

አዲሲቱን ጣናነሽ ሁለትን በቴሌቪዥን ሳታያት አልቀረሽም። 38 ሜትር ርዝመት ያላት መርከብ ከጅቡቲ በተሳቢ ተጭና፣ በየብስ ያን ሁሉ ተራራ አቋርጣ ባሕር ዳር ገባች። 188 ሰው ትይዛለች ተብሏል። እኔም ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽሽም። ነገር ግን ስለ እሷ የሚወራው ሁሉ ስለ ቱሪስት ነው። የደቅ ሰውስ? እሱ ለትልቅ ሕክምናም ለትልቅ ገበያም ውሃ መሻገር አለበት። ለእሱ ከመርከቧ ውበት ይልቅ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሰዓትና ዋጋ ይበልጥበታል። ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ከተባለ ማክሰኞ ሁለት ሰዓት፤ ተሳፋሪ ሞላም አልሞላም። በሲያትል ያየሁትም ይህንኑ ነው፤ ግማሹ ወንበር ባዶ ሆኖ መርከቡ በሰዓቱ ተነሳ።

እኛ ጎንደሮች እቴጌ ምንትዋብ ሲባል እዚሁ ጎንደር ያለውን ቁስቋምን ነው የምናስበው። ደቅ ላይ ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እኮ እሳቸው ናቸው። አፄ ሱስንዮስም ጎንደር ሳትቆረቆር ጎርጎራ ላይ ነበሩ። የጥንቶቹ ከሐይቁ ጋር ከእኛ ይልቅ ይቀራረቡ ነበር። ዛሬ ስንት የአዘዞ ልጅ ነው ጣናን በፎቶ ብቻ የሚያውቀው!

ለማንኛውም ስትመጪ እንሂድ። መንገዱ ሰላም ከሆነ በጠዋት ሚኒባስ ይዘን ጎርጎራ እንወርዳለን። ደብረ ሲና ማርያምን እንሳለማለን። መርከብ መኖሩን ቀድሜ እዚያ ላለ ሰው ደውዬ አረጋግጣለሁ። ከሌለ በትንሽ ጀልባ ዳር ዳሩን ዞር ዞር ብለን እንመለሳለን። ባለጀልባውን ግን ከዋጋው በፊት ላይፍ ጃኬቱን ነው የምጠይቀው። አንዳንዱ «ለምን አስፈለገ፣ እኔ አለሁ አይደል?» ይልሻል!

እናትሽ ዋና ስለማትችል «እኔ አልገባም» ብላ አስቀድማ ጨርሳለች። ሻንጣሽ ውስጥ ቦታ ካለ ለእሷ የሚሆን አንድ ላይፍ ጃኬት ይዘሽላት ነይ። ቁመቷን ታውቂዋለሽ። ክብደቷን ግን እዚህ አልጽፍልሽም፤ ደብዳቤው ከመላኩ በፊት ይነበብልኝ ብላለች።

አባትሽ፣ ከጎንደር